«ፎርም ለመሙላት ነው እንዴ አራት ዓመት የተማርኩት?»

ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ሳይኮሎጂ ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት ሆኖሻል። አሁን በድብርትና በባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍ እያለና ዝቅ እያለ የሚመላለስበት ሕመም) ሕክምና ላይ በሚካሄድ ጥናት ውስጥ መረጃ ሰብሳቢ ሆነሽ እንድትገቢ ተጠይቀሻል። ኮንትራቱ የአንድ ዓመት ነው። አባትሽ ደግሞ በዘመድ በኩል ባንክ ቤት ሥራ አግኝተውልሻል። እንግሊዝኛሽ ያሳስብሻል። ግማሾቹ ታካሚዎች አዲሱን ሕክምና አለማግኘታቸው ይከብድሻል። ከሁሉም በላይ ግን ያንገበገበሽ ርዕስ ያደረግሁት ጥያቄ ነው።

እኔም የጀመርኩት በፎርም ነው። ስለዚህ ለማን እንደማደላ ከወዲሁ እወቂው።

ገጠር ነው፤ ከመኪና መንገድ አርባ ደቂቃ በእግር። ሴትየዋ ቡና ትቆላለች። እኔ ፒኤችኪው-9 የሚባለውን የድብርት መለኪያ መጠይቅ ይዣለሁ። ዘጠኝ ጥያቄ ነው፤ ሁሉም ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ ቢበዛ 27 ነው። ስለ መከፋትና ተስፋ ስለ መቁረጥ ጠየቅኋት። «ተመስገን ነው» አለችኝ። 0 ጻፍኩ። እንቅልፍስ? «ተመስገን።» 0። አብራኝ የነበረችው ሱፐርቫይዘር በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ጥያቄውን እንደተጻፈው ደግሜ አነበብኩና ዝም አልኩ። ቡናው ተቆልቶ ወጣ፣ ተወቀጠ። ሴትየዋ ቀና ሳትል «እንቅልፍማ ልጄ ከሞተ ወዲህ የት አለ? እግዜርን ማማረር እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው እንጂ» አለች። 0 የነበረው 3 ሆነ።

እኛ አገር «ተመስገን» ለታመመውም ለዳነውም አንድ ነው። ይህን ካላወቅሽ ድብርት ያለባትን ሴት ጤነኛ አድርገሽ ትመዘግቢያታለሽ። የመጀመሪያው ቀን ነጥብ ከተበላሸ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ሕክምናው ሠራ አልሠራ ማለት አይቻልም፤ የትኛውም ሶፍትዌር አያቃናውም።

የቡታጅራውን ጥናት ክፍል ውስጥ ሰምተሽ ይሆናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎችን ጠየቁ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ይኖርባቸዋል የተባሉትን ሐኪሞች በዝርዝር አነጋገሯቸው፤ ባይፖላርና ስኪዞፍሬንያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ሐሳብን የሚያዛባ ሕመም) ያለባቸውን ለዓመታት ተከታተሏቸው። እነዚህ ሕመሞች በአገራችን ገጠር እንዴት እንደሚመላለሱ ከምናውቀው ብዙው የመጣው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ግን «ቤቶች!» ብሎ በር ላይ የቆመ ሰው ነበር።

ሊቲየም የሚባለውን መድኃኒትም ለምሳሌ እናንሳ። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 ስለ እሱ ጽሑፉን ካሳተመ ጀምሮ ለባይፖላር አንጋፋው መድኃኒት እሱ ነው። ችግሩ የሚያድነው መጠንና የሚመርዘው መጠን መቀራረባቸው ነው፤ በደም ምርመራ ይለካል። የታካሚው ሰውነት ውሃ ካነሰው በደሙ ውስጥ ያለው ሊቲየም ይጨምራል። ታዲያ ሰውዬው ጾም ላይ መሆኑን፣ ሰሞኑን ተቅማጥ ይዞት እንደነበር ጠይቆ ፎርሙ ላይ የሚያሰፍረው ማን መሰለሽ?

ወደ አባትሽ ልምጣ። «አማኑኤል ነው የምትሠራው ይሉሻል» ማለታቸውን ጽፈሻል። እንግዲያው ያስጨነቃቸው ደመወዙ ሳይሆን ጎረቤት ነው። አባትሽን አክብሪ፤ ለጎረቤት ብለሽ ግን ባንክ መስኮት ላይ አትቀመጪ። የምርም ቤቱ የሚተዳደረው ባንቺ ደመወዝ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ፕሮጀክት ሲያልቅ ያልቃል። እኔ በሁለት ፕሮጀክቶች መሀል አምስት ወር ያለ ደመወዝ ከርሜአለሁ። የቤት ኪራዬን የከፈለችልኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ እስካሁን ታነሳብኛለች። ከመጀመሪያው ደመወዝሽ ጀምረሽ እቁብ ግቢ።

እንግሊዝኛው ሥራ ላይ ይመጣል፤ ፕሮቶኮሉን፣ ማለትም የጥናቱን የአሠራር ሰነድ፣ በየማታው ሁለት ሁለት ገጽ አንብቢ። ስለ ግማሾቹ ታካሚዎች ደግሞ፣ አዲሱ ሕክምና ይሻል አይሻል ገና አልታወቀም፤ ቢታወቅማ ጥናት ባላስፈለገ። ብቻ ሌሎቹ ምን ሕክምና እንደሚያገኙና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጥናቱን ማጽደቁን ጠይቂ።

አንድ ነገር ግን ሳትጠይቂ እንዳትፈርሚ። የዚያ መጠይቅ ዘጠነኛ ጥያቄ ሞትን ስለ መመኘትና ራስን ስለ መጉዳት ነው። «አዎ ካሉኝ በዚያው ቀን ለማን ነው የምደውለው?» በያቸው። ስምና ስልክ ቁጥር ከሰጡሽ ፈርሚ። «አንቺ ብቻ ፎርሙ ላይ ሙይው» ካሉሽ ባንኩ ይሻልሻል።