ልጄ ከአጎቶቹ ጋር ካርታ ቢጫወት ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ማታ የባለቤቴ ወንድሞች ቤታችን እየመጡ ኮንከር ይጫወታሉ። ሰው ሲጎድል ልጁን ያስገቡታል። በፊት ለሻይ ነበር፣ አሁን በ10 ብር ሆኗል። ባለፈው 40 ብር በልቶ «ሙዳየ ምጽዋት ልክተተው?» አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ካርታው ራሱ የሰይጣን ነው፣ አቃጥዪው ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ካርታውን አታቃጥዪው። ወረቀት ነው። ወረቀት አቃጥለን ቁማሩን ብንተወው ምን ሠራን?

ጨዋታን ቤተ ክርስቲያን አትጠላም። ነቢዩ ዘካርያስ እግዚአብሔር ኢየሩሳሌምን ሲጎበኛት የሚሆነውን ሲናገር (8፥4-5) ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ይዘው አደባባይ ይቀመጣሉ፣ ልጆችም እዚያው ይጫወታሉ ይላል። ትልቅና ትንሽ አንድ ቦታ! ልጅሽ ከአጎቶቹ ጋር ተቀምጦ መሳቁ ደስ ሊልሽ ይገባል።

ችግሩ ብሩ ነው። በሐዋርያት ቀኖና በቁማርና በስካር የሚጠመድ ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ካልተወ ከሥልጣኑ ይሻራል፤ ምእመንም ከሆነ ከቁርባን ይለያል። «10 ብር ምን አላት?» ይሉሽ ይሆናል። በሻይ ተጀምሮ 10 ብር መድረሱን ግን አንቺው አይተሻል። ስለዚህ የሻዩም ውርርድ ይቅር።

እኔን ከብሩ በላይ የሚያሳስበኝ ጠረጴዛው ላይ የሚባለውና የሚደረገው ነው። አንዱ ካርታ ይደብቃል። ሌላው በዓይኑ ይጠቅሳል። ሲያዝ ደግሞ «ማርያምን፣ አልሰረቅኩም!» ብሎ ይምላል፤ ሁሉም ይስቃል። ልጁ ግን በእመቤታችን ስም በውሸት መማል የሚያስቅ ነገር መሆኑን ተማረ ማለት ነው። ጌታችን ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ወዮለት ያለው (ማቴ 18፥6-7) ለልጁ ሳይሆን ለእኛ ለትልልቆቹ ነው። ልጁን አትቆጪው። ጠርቶ ያስቀመጠው ትልቅ ሰው ነው።

40 ብሩን ሙዳየ ምጽዋት አይክተት። ልቡ መልካም ነው፣ ይህንንም ንገሪው። ነገር ግን ከቁማር የተገኘ ገንዘብ ለእግዚአብሔር ቤት መባ አይሆንም። ለበላቸው አጎቶቹ በገዛ እጁ ይመልስ። ሲመልስላቸው እነሱም ያፍሩ ይሆናል።

አጎቶቹን ባለቤትሽ ያናግራቸው፤ ወንድሞቹ ናቸው፣ ከሱ ሲሰሙት አይከብዳቸውም። ልጁ ፊት ግን አይሁን። ብር የለም፣ መሐላ የለም፣ ጨዋታውም በጊዜ ያልቃል፤ ቅዳሜ አምሽቶ የተኛ ልጅ እሑድ ለቅዳሴ አይነሳም። በዚህ ከተስማሙ ይጫወት። ገበጣም ቢያስተምሩት ጥሩ ነው። እምቢ ካሉ ልጁን ከጠረጴዛው አንሺው፣ አታመንቺ። ከእነሱ መካከል ያለ ቁማር መዋል ያቃተው ካለ ደግሞ በሐሜት አታንሡት፤ ባለቤትሽ ይዞት ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ።