የቤት ምርመራ (ሰርቬይ)፦ ሌቭል 2 ይበቃል ወይስ ሌቭል 3? አሮጌ የለንደን ቤት ለምትገዙ

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሰሜን ለንደን፣ ቶተንሃም ውስጥ ቤት ልንገዛ ነው። ያቀረብነውን ዋጋ ሻጩ ተቀብሏል። ቤቱ በ1900 አካባቢ የተሠራ፣ በግራም በቀኝም ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ነው። ኩሽናው ወደ ጓሮ ሰፍቷል፤ ጣሪያው ሥርም መኝታ ቤት ወጥቶለታል። ሞርጌጅ የሚሰጠን ባንክ ሰው ልኮ አስገምቷል፤ ችግር የለም ተብለናል። ቤቱን የሚያሻሽጠው ኤጀንት ደግሞ «ሰርቬይ ከፈለጋችሁ ሌቭል 2 ይበቃችኋል» ይለናል። ሌቭል 3 በጥቂት መቶ ፓውንድ ይበልጣል። እናውጣው ወይስ ይቅር?

መልስ፦ አውጡት። ለዚህ ቤት የሚያስፈልጋችሁ ሌቭል 3 ነው።

መጀመሪያ የባንኩን ነገር እንለይ። ባንኩ የላከው ሰው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ እናንተ መክፈል ቢያቅታችሁ ቤቱ ተሽጦ ብድሩ ይመለሳል ወይ? ለዚህ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ማየት ይበቃዋል። አንዳንዴ ከነጭራሹ አይመጣም፤ ግምቱ በኮምፒውተር ይሠራል። «ችግር የለም» ያለው ለባንኩ እንጂ ለእናንተ አይደለም። ብዙ የሀገራችን ሰው «ባንኩ አይቶታል» ብሎ ሰርቬይ ሳያሠራ ቁልፍ ይቀበላል። ክረምት ሲመጣ ጣሪያው ያፈሳል።

የቀያሾቹና ገማቾቹ የሙያ ተቋም፣ አርአይሲኤስ፣ የቤት ሰርቬይን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። ሌቭል 1 ለአዲስና ለደህና ቤት የሚሆን አጭር ሪፖርት ነው፤ እናንተን አይመለከትም። ሌቭል 2 በተለመደው መንገድ ለተሠራ፣ ብዙ ላልተነካካ ቤት ጥሩ ነው። በ1970ዎቹ የተሠራ ቤት ቢሆን ኖሮ እኔም «ሌቭል 2 ይበቃል» እላችሁ ነበር። ሌቭል 3 ደግሞ ቤቱ እንዴት እንደተሠራ፣ ጉድለቱ ከምን እንደመጣ፣ ካልተጠገነ ምን እንደሚያስከትልና እንዴት እንደሚጠገን በዝርዝር ያስረዳል። የቤቱን ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገምትም። በነገራችን ላይ፣ በሪፖርቱ ውስጥ እያንዳንዱ የቤቱ ክፍል ከ1 እስከ 3 ቁጥር ይሰጠዋል፤ 3 ቀይ ነው፣ አስቸኳይ ወይም ከባድ ማለት ነው። ይህን ከሌቭል 3 ጋር እንዳታምታቱት።

አሁን ወደ ቤታችሁ እንምጣ። እኔን የሚያሰጋኝ ዕድሜው ብቻ ሳይሆን የተደረገለት ለውጥ ነው።

ኩሽና ሲሰፋ ቦታ ለማግኘት ሲባል ብዙ ጊዜ የጭስ ማውጫው ወፍራም ግድግዳ ከታች ይፈርሳል። ከላይ ያለው ጡብ ግን እዚያው ይቀራል። ክብደቱ ቀላል አይደለም። ታዲያ ምን ተሸክሞታል? የብረት ቢም መሆን አለበት፤ በሁለት እንጨት ደግፈውት የሄዱም አሉ። በልስን ስለተሸፈነ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ጥሩ ሰርቬየር ላይና ታች ያለውን አመሳክሮ «እዚህ ጋ ግድግዳ ጠፍቷል፤ ወረቀቱ የታለ?» ብሎ ይጽፋል። ወረቀቱ ሥራው የግንባታ ደንቡን አሟልቶ መጠናቀቁን የሚያሳይ ሰርተፍኬት ነው። የሻጩ ቃል አይተካውም።

የጣሪያ ሥሩ መኝታ ቤትም እንደዚያው ነው። በዚያ ዘመን ቤት ላይ ያሉት እንጨቶች የታችኛውን ክፍል ኮርኒስ እንዲይዙ እንጂ አልጋና ሰው እንዲሸከሙ አልተሠሩም። ወለሉ በአዲስ እንጨት ወይም በብረት መጠናከር አለበት። እሳት ቢነሳ ማምለጫው በደረጃው በኩል ስለሆነ እሳት የሚቋቋም በርና የጭስ ማስጠንቀቂያም ያስፈልጋል። ሰርተፍኬት ከሌለው እኔ መኝታ ቤት አልለውም፤ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። እናንተም የመኝታ ቤት ዋጋ አትክፈሉበት።

እዚህ ላይ የሻጩ ወገን «ኢንሹራንስ እንገዛላችኋለን» ሊል ይችላል። ኢንደምኒቲ የሚሉት ነው። እሱ የሚሸፍነው ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) እርምጃ ቢወስድ የሚደርስባችሁን ወጪ ነው። የደከመን ወለል አያጠነክርም። ደግሞ ለካውንስሉ ቀድማችሁ ከደወላችሁ ያ ኢንሹራንስ ላይሸጥላችሁ ይችላል፤ ስለዚህ ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት ሶሊሲተራችሁን (የግዢውን ጉዳይ የሚይዝላችሁን ጠበቃ) ጠይቁ።

ሌላው እርጥበት ነው። የዚያ ዘመን የውጭ ግድግዳ በመሃሉ ክፍተት የሌለው ድፍን ጡብ ነው። የተገነባው በኖራ ስለሆነ እርጥበቱን ወደ ውጭ ያስወጣል። በኋላ የመጣ ሰው የጡቦቹን መጋጠሚያ በሲሚንቶ ሲደፍነው ውሃው መውጫ ያጣል። ወይም የጓሮው ንጣፍ ከፍ ብሎ በግድግዳው ሥር የተዘረጋውን እርጥበት መከላከያ ያልፈዋል፤ ንጣፉ ከመከላከያው ቢያንስ 150 ሚሊሜትር ዝቅ ማለት አለበት። የዚህ መፍትሔው መሮና አካፋ ነው። «በነፃ እንመርምርላችሁ» የሚሉ የእርጥበት ድርጅቶች ግን ግድግዳችሁን በስተው ኬሚካል ሊሸጡላችሁ ነው የሚመጡት። መጀመሪያ ምንም ነገር የማይሸጥ ሰው ይየው።

የለንደን አፈር በአብዛኛው ሸክላ ስለሆነ በደረቅ በጋ ይኮማተራል፤ አጠገቡ ትልቅ ዛፍ ካለ ይብሳል። ኩሽናው ከዋናው ቤት ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ስንጥቅ እንዳለው ራሳችሁም እዩት። ከመንገዱ ማዶ ቆማችሁም የጣሪያውን ጫፍ ተመልከቱ። ከሰረገደ፣ በቀድሞው ቀላል የድንጋይ ክዳን ፋንታ ከባድ የኮንክሪት ክዳን ተጭኖበት ሊሆን ይችላል።

ሌቭል 3ም ቢሆን ሁሉን አያይም። ሰርቬየሩ ወለሉ ላይ የተገጠመ ምንጣፍ አያነሳም፣ ግድግዳ አይበሳም፣ መብራትና ጋዝ አይፈትሽም። መብራቱን ኤሌክትሪሺያን፣ ቦይለሩን በጋዝ ሴፍ (በጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ) የተመዘገበ ባለሙያ ይየው። የፍሳሽ ቱቦውን በካሜራ ማስፈተሽ ለእናንተ ግዴታ ነው ባይ ነኝ፤ የሰፋ ኩሽና ብዙ ጊዜ ከጎረቤት ጋር የጋራ በሆነ ቱቦ ላይ ይቀመጣል። ለዚያም የውሃ ድርጅቱ ፈቃድ መኖሩን ሶሊሲተራችሁ ይጠይቅ።

ሰርቬየሩን ራሳችሁ ፈልጉ እንጂ የኤጀንቱን አትቀበሉ። ኤጀንቱ የሚከፈለው ቤቱ ሲሸጥ ነው። ከመቅጠራችሁ በፊት ደውላችሁ ስለ ኩሽናውና ስለ ጣሪያው ሥር ክፍል ንገሩት፤ ሪፖርቱ ሲመጣም ደውላችሁ «አንተ ብትሆን ትገዛው ነበር?» በሉት። ብዙዎቻችን ሰርቬየሮች በወረቀት ያልጻፍነውን በስልክ እንናገራለን።

ይህ ሁሉ ኮንትራት ከመለዋወጣችሁ በፊት መሆን አለበት። በእንግሊዝ እስከዚያ ድረስ ዋጋ ማስቀነስም መተውም ትችላላችሁ። ከተለዋወጣችሁ በኋላ ከወጣችሁ ግን ቀብዱ፣ ብዙ ጊዜ የዋጋው 10 በመቶ፣ ይቀልጣል። ኤጀንቱ «ቶሎ በሉ» ቢላችሁ ሰርቬይ እያሠራችሁ እንደሆነ በኢሜይል ጻፉለት፤ ለሶሊሲተራችሁም ሪፖርቱ ሳይደርስ የኮንትራት መለዋወጫ ቀን እንዳይቆርጥ ንገሩት።