በሪሞት የሚከፈት የፒክአፕ ዕቃ ሳጥን በእጅ መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የአንድ ደንበኛዬን ሃይሉክስ ሠራሁ። ካሶኒው ላይ የብረት ዕቃ ሳጥን አለው። ሳጥኑ ከመኪናው በሮች ጋር አብሮ እንዲቆለፍና እንዲከፈት አደረግኩት። ሰውየው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። በዝናብ፣ ሁለት እጁ ተይዞ፣ የጓጉንቸር ቁልፍ ፍለጋ ኪሱን መበርበር ሰልችቶታል። ሁለት ጊዜ ደግሞ ሳይቆልፍ ረስቶ ሄዶ መፍቻዎቹ ተሰርቀውበታል። ሥራውን ያዩ ሰዎች ብዙ ጠየቁኝ። በመኪና ኤሌክትሪክ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ልመልስ።

ጋሼ፣ ምን ምን ዕቃ ያስፈልገኛል? ከውጭ ካልመጣ አይሠራም ያሉኝ አሉ።

ወንድሜ፣ ከውጭ የምታስመጣው ነገር የለም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ጋ፣ ብትሄድ የሴንትራል ሎክ ሞተር፣ ማለትም የመኪና በሮችን አንድ ላይ የሚቆልፈውና የሚከፍተው፣ ለብቻው ታገኛለህ። ባለ ሁለት ሽቦና ባለ አምስት ሽቦ አለው። ላንተ ሳጥን ባለ ሁለቱ ይበቃል። ባለ አምስቱ ለሹፌር በር ነው፤ ትርፎቹ ሦስት ሽቦዎች የሹፌሩ በር ሲቆለፍ ለሌሎቹ በሮች የሚናገር ስዊች ናቸው። ሌላው ሁለት ባለ አምስት እግር ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ስዊች)፣ 10 አምፔር ፊውዝ ከነቤቱ፣ ባለ 1.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት) ሽቦና ቁራጭ ላሜራ ነው። የብስክሌት ፍሬን ካቮም ግዛ። ካቮው ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታገኘዋለህ፤ እንዳትተወው ብቻ።

ያ ሞተር እኮ ፕላስቲክ ነው። ሌባ በአንድ ብረት አይገነጥለውም?

ከሁሉም ጥያቄ ይሄን ወደድኩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ የሚሄደው 2 ሴንቲ ያህል ነው። ጉልበቱም ቢበዛ አራት ኪሎ ቢጎትት ነው፤ ሁለት ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ እንደማንሳት አስቡት። ክዳኑን የሚይዘው እሱ ከሆነ ሌባ አያስፈልግም፣ መንገዱ ራሱ ይሰብረዋል። ሞተሩ ሥራው መቀርቀሪያውን መግፋትና መሳብ ብቻ ነው። ክዳኑን የሚይዘው ብረት መሆን አለበት።

እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው። 12 ሚሊ ድቡልቡል ብረት ቆረጥኩ። ብረቱ በልኩ የሚንሸራተትበትን ሁለት የቱቦ ቁራጭ ከሳጥኑ ግድግዳ ውስጥ በየድኩ። ከክዳኑ ስር ደግሞ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት በይጄ 14 ሚሊ ቀዳዳ በሳሁለት። መቀርቀሪያው ሲወረወር በቀዳዳው ውስጥ ያልፋል። ሌባ ክዳኑን ከውጭ ሲፈነቅል ጉልበቱ የሚያርፈው ቱቦውና ግድግዳው ላይ ነው። ሞተሩ ጋ የሚደርስ የለም፤ ከመቀርቀሪያው ጋር የሚያገናኘው ቀጭን የሽቦ ዘንግ ብቻ ነው።

ሞተሩን ከማገናኘታችሁ በፊት መቀርቀሪያውን በትንሿ ጣታችሁ ግፉት። በትንሿ ጣት ካልሄደ ሞተሩም ዛሬ ቢገፋው ከአንድ ወር አቧራ በኋላ አይገፋውም።

እኔን ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ሌላ ነው። ሁሉንም ገጥሜ ሪሞቱን ስጫን «ጭቅ» ይላል፣ ክዳኑ ግን አይከፈትም። ክዳኑን በመዳፌ ወደ ታች ጫን ሳደርገው ይከፈታል። ለካ ዙሪያውን ያለው የውሃ መከላከያ ላስቲክ ክዳኑን ወደ ላይ እየገፋ መቀርቀሪያውን ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር አጣብቆታል። ቀዳዳውን ከላይ ወደ ታች ትንሽ ሞላላ አደረግኩት፣ የመቀርቀሪያውን ጫፍ እንደ እርሳስ ሞረድኩት። ላስቲኩንም በስስ ቀየርኩት። ከዚያ በኋላ አልተያዘም።

ሽቦውን በቀጥታ ከበሩ ሞተር ሽቦ ጋር ባያይዘውስ?

ይሠራል፣ ግን አታድርገው። የመኪናው መቆጣጠሪያ የተሠራው ለበሮቹ ሞተር ነው። አንድ ሞተር ስትጨምርበት ለጊዜው ይችል ይሆናል። ሳጥኑ አቧራ በልቶ ሞተሩ ሲከብደው ግን ጫናው መቆጣጠሪያው ላይ ያርፋል። እሱ ሲቃጠል የሚወጣው ገንዘብ ከሳጥኑ ይበልጣል።

በሪሌ ሥራው። የበሩ ሞተር ሁለት ሽቦ አለው። በአብዛኛው ሥራ ሲፈታ ሁለቱም ኔጌቲቭ ላይ ናቸው። ስትቆልፍ አንዱ ከአንድ ሴኮንድ ላነሰ ጊዜ ፖዘቲቭ ይሆናል፣ ስትከፍት ሌላኛው። በቴስተር አረጋግጥ፦ አንዱን ጫፍ ቦዲ (የመኪናው ብረት) ላይ፣ ሌላውን ሽቦው ላይ አድርግና ቆልፍ፣ ክፈት። 12 ቮልት ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ታየዋለህ። አንዳንድ መኪና ከዚህ የተለየ ስለሆነ ሳትለካ አትቁረጥ።

የሪሌው እግሮች ላይ ቁጥር ተጽፏል። እንግዲህ አንዱን ሽቦ ለመጀመሪያው ሪሌ 86 ቁጥር ስጠው፣ ሌላውን ለሁለተኛው። የሁለቱም 85 ወደ ቦዲ ይሄዳል። የሁለቱም 87 ከባትሪ በፊውዝ የመጣውን ፖዘቲቭ ይይዛል፣ 87ኤ ደግሞ ቦዲ። ከ30 ቁጥሮቹ ወደ ሳጥኑ ሞተር ሁለት ሽቦ ትወስዳለህ። በቃ። ሪሞቱን ስትጫን ከበሩ የምትወስደው ሪሌውን የምትቀሰቅስ ትንሽ ምልክት ብቻ ናት። ጉልበቱን የሚሰጠው ባትሪው ነው። አቅጣጫው ከተገላበጠ፣ ማለትም በሩ ሲቆለፍ ሳጥኑ ከተከፈተ፣ የሞተሩን ሁለት ሽቦ አቀያይር።

ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። ሳጥኑ አጠገብ ካደረግከው፣ ሽቦው መሃል ላይ ተልጦ ሻሲ ቢነካ እሳት የሚከለክልልህ ነገር የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ መኪና ላይ ሪሞቱን አንዴ ስትጫን የሹፌሩ በር ብቻ ይከፈታል፣ ሁለቴ ስትጫን ሁሉም። ምልክቱን ከተሳፋሪ በር ሽቦ ውሰድ። ማታ ብቻህን መኪናህ ውስጥ ስትገባ ሳጥንህ አብሮ አይከፈትም።

1.5 ሽቦ አይበዛም? 0.5 አለኝ።

ለሪሌው ምልክት 0.5 ይበቃል። ለሞተሩ አይሆንም። ከባትሪ እስከ ሳጥኑ 5 ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ 10 ሜትር ነው። ሞተሩ ሲጨናነቅ 5 አምፔር ቢስብ በ1.5 ሽቦ መንገድ ላይ የሚጠፋው ግማሽ ቮልት ገደማ ነው። በ0.5 ሽቦ ግን ወደ 1.75 ቮልት ይጠፋል። ያ ሞተር መጀመሪያም ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ካለችው ላይ አትቀንሱበት።

የኔ አይሱዙ ኤንፒአር ነው። ለሱም ይሠራል?

ይሠራል፣ ግን ኤንፒአር 24 ቮልት ነው። ባለ 24 ሞተርና ባለ 24 ሪሌ ግዛ። ካጣህ ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር አለ። ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መሳብ ግን የተለመደ ስህተት ነው። የምትስብበት ባትሪ እየጎደለ፣ ሌላኛው ከልክ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ያለዕድሜያቸው ያልቃሉ።

ባትሪ ቢሞትስ?

ካቮውን ያስገዛኋችሁ ለዚህ ነው።

አንድ ሹፌር ያጋጠመውን ልንገራችሁ። ሌላ ቦታ የተሠራ የኤሌክትሪክ ቁልፍ ነበረው፣ በእጅ መክፈቻ የሌለው። ከጅቡቲ ሲመለስ ጋላፊን አልፎ ሚሌ ሳይደርስ አደረ። ጠዋት ባትሪው ሞቷል። የሌላ መኪና ሹፌር ቆሞ ሊያስነሳው ፈቃደኛ ነበር። ባትሪ ማስነሻው ካቮ ግን ሳጥኑ ውስጥ ነው። ክሪኩም፣ ትርፍ ውሃውም እዚያው። በዚያ የአፋር ፀሐይ ማጠፊያውን በመዶሻና በስኳርፔሎ ሲቆርጥ ረፈደበት። ሳጥኑን ይዞልኝ ሲመጣ ማጠፊያው በሽቦ ታስሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእጅ መክፈቻ የሌለው ቁልፍ አልሠራም፤ ደንበኛው «ይቅርብኝ» ቢለኝም አልሠራም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የካቮውን አንድ ጫፍ መቀርቀሪያው ላይ አስረው። ሌላውን ጫፍ ሌባ በእጁ ዳብሶ የማያገኘው ቦታ አውጣው። ከኋላ መብራቱ ጀርባ ቢሆን ጥሩ ነው፤ በካቻቢቴ መፍታት ይጠይቃል። ከጋቢናው ወንበር ጀርባ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ጥሩ። በየሦስት ወሩ አንዴ ሳብ አድርገው። ሳይነካ የኖረ ካቮ በሚፈለግበት ቀን ዝጎ ይገኛል።

እኔ ሶላር ገጣሚ ነኝ። መኪናዬ አሮጌ ስለሆነ ሴንትራል ሎክ የለውም። ለሳጥኑ ብቻ ሪሞት ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል እህቴ። ከነሪሞቱ የሚሸጥ የሴንትራል ሎክ ኪት አለ፤ ከሞተሮቹ አንዱን ብቻ ትጠቀሚያለሽ። ሁለት ነገር ግን ልብ በይ። አንደኛ፣ ሪሞቱን የሚያዳምጠው የኪቱ መቆጣጠሪያ ቀንም ሌሊትም ከባትሪ ይስባል። 10 ሚሊአምፔር ቢስብ በቀን 0.24 አምፔር ሰዓት ነው። መኪናሽ በየቀኑ ከተንቀሳቀሰ ምንም አይደለም። ወር ሙሉ የምታቆሚው ከሆነ ግን ወደ 7 አምፔር ሰዓት ይደርሳል፤ ያረጀ ባትሪን ይጎዳል። ሁለተኛ፣ ርካሹ ሪሞት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ኮድ ነው የሚልከው። ቁልፍ ቤት በደቂቃ የሚገለብጡት ዓይነት ነው። በተጫንሽው ቁጥር ኮዱ የሚቀያየረውን ጠይቀሽ ግዢ። አንቺ ኢንቨርተርና ባትሪ ይዘሽ የምትዞሪ ሰው ነሽ፤ የዋጋው ልዩነት አያሳስብሽ።

በማግኔት የሚይዘው ቁልፍስ? በር ላይ አይቼ ወደድኩት።

ለመኪና አይሆንም። ቆልፎ ለመቆየት ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ባትሪህን ይጨርሳል፣ ሲጨርስ ደግሞ ራሱን ከፍቶ ይሰጣል።

አሜሪካ ነው ያለሁት፣ ኤፍ 150 አለኝ። ሳጥኑ ከካሶኒው ግራ ቀኝ የሚያቋርጥ አሉሚኒየም ነው፣ ሁለት እጀታ አለው። ሁለት ሞተር ላድርግ?

መጀመሪያ ክዳኑን ከፍተህ ከስሩ እይ። ከሁለቱ እጀታ የሚመጡ ዘንጎች መሃል ላይ የሚገናኙ ከሆነ አንድ ሞተር ይበቃሃል፤ መሃል ላይ ታስረዋለህ። ካልተገናኙ ሁለት ሞተር በአንድ ጥንድ ሪሌ ማዘዝ ትችላለህ፣ ፊውዙን ወደ 15 አምፔር ታሳድጋለህ። የሳጥኑን የራሱን ቁልፍ አታውጣው። አብሮት የተሠራ በእጅ መክፈቻ ስለሆነ ካቮም አያሻህም። አሉሚኒየም ላይ ተራ የብረት ቡሎን አትጠቀም። ያለህበት አካባቢ ክረምት መንገዱ ላይ ጨው የሚበተንበት ከሆነ ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ አሉሚኒየሙ ይበላል። የማይዝግ ቡሎን ከፕላስቲክ ወይም ከላስቲክ ሮንዴላ ጋር አድርግ። የመኪናውን ሽቦ ደግሞ ያለ ሪሌ እንዳትነካ፤ በሮቹን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው።

አቧራና ዝናብ አያበላሸውም?

ሞተሩ በር ውስጥ እንዲኖር ነው የተሠራው፣ ስለዚህ ውሃ በቀጥታ አይምታው። ከሳጥኑ ግድግዳ ከፍ አድርገህ እሰረው፣ ሽቦው በታች በኩል ይውጣ። ሽቦው ሳጥኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቆልመም ብሎ ይመለስ፤ ውሃው ከቁልምሙ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ አይገባም። ቀዳዳው ላይ ላስቲክ ካላደረግክ የላሜራው ጠርዝ ሽቦውን ይልጠዋል።

መቀርቀሪያውን ግራሶ አትቀባው። አቧራ ይሰበስብና ወሩ ሳይሞላ እንደ ጭቃ ይሆናል። እኔ የእርሳስ ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ፈጭቼ ዱቄቱን ቱቦው ውስጥ እነሰንሳለሁ። ግራፋይት ደረቅ ስለሆነ አቧራ አይዝበትም።

ክዳኑ ሳይዘጋ ሪሞቱን ብጫንስ?

መቀርቀሪያው ባዶ አየር ላይ ይወረወራል። አንተ ተቆልፏል ብለህ ትሄዳለህ። ወይም ክዳኑን ጥለህበት ታጣምመዋለህ። ከክዳኑ ጠርዝ ስር እንደ በር መብራት ያለ ስዊች ግጠምና ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት አብራበት። ክዳኑ እስካልተዘጋ ይበራል። ለቧንቧ ሠራተኛው ከሁሉም በላይ ደስ ያለው እሷ መብራት ናት።

ብየዳውን መኪናው ላይ እንዳለ ልበይደው?

ሳጥኑን ፈትተህ አውርደህ ብትበይደው ይሻላል። የማይፈታ ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል፣ የብየዳውን ኔጌቲቭ መቆንጠጫ ደግሞ ከምትበይድበት አጠገብ ያዘው። ከላሜራው ጀርባ የነዳጅ ታንከር ወይም የፍሬን ቱቦ አለመኖሩን ጎንበስ ብለህ በዓይንህ እይ፤ ስትበሳም እንደዚያው። የበየድከው ሲበርድ ዝገቱን አጽድተህ ዛሬውኑ ፀረ ዝገት ቀባው፣ ነገ አትበል።