«ከየት ልጀምር?» ላልሽው የኮምቦልቻ እህት

እህቴ፣ «ጾሙን እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ ግን እግዚአብሔርን ታዝዤ የምኖር አይመስለኝም፤ ከየት ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከኔ በፊት የመለሱልሽ «ጸልዪ፣ መጽሐፍ ቅዱስ አንብቢ» ብለውሻል። ልክ ናቸው። ግን እሱንማ ታውቂዋለሽ። ሁዳዴን 55 ቀን የሚጾም ሰው ይሄ አይጠፋውም። አልጻፍሽውም እንጂ የምትሸሺው አንድ ነገር አለ። እንዴት አወቅክ አትበዪኝ፤ እኔም ነበረብኝ።

1. የንስሐ አባትሽ ከባድ ነገር ሲያዙሽ እሳቸውን አትቀይሪ። (እኔ ቀይሬያለሁ፤ እመጣበታለሁ።)

2. የሰው ገንዘብ እጅሽ ላይ ካለ ለቤተ ክርስቲያን አትስጪ። ለባለቤቱ መልሺ። ይቺን ላስረዳሽ።

በ2009 ደሴ ፒያሳ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ መደብር ውስጥ ሻጭ ነበርኩ። አንድ ሐጂ ደንበኛ ነበሩን፣ የባቲ ሰው። ለሰኞ ገበያ እንዲደርስላቸው ቅዳሜ እቃ ያነሳሉ። አንድ ቅዳሜ ልጃቸውን ላኩት፤ ብሩን በፌስታል ይዞ መጣ። ስቆጥር አንድ እስር ትርፍ አለው። ባለመቶ ብር፣ 10,000። ልጁ እቃውን ሲያስጭን ውጭ ነው። ዝም አልኩ። ማታ ሐጂ ደወሉ። «ልጄ አሳስቶ ጨምሮ አልሰጠህም?» አሉኝ። «አላየሁም» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የጾምኩት ጾም! መስከረም 21 ግሸንን በእግሬ ወጣሁ። 3,000ውን ለምንጣፍ ብዬ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ። ሰው «ተባረክ» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽሽም።

ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ስናዘዝ ግን አልተደሰቱም። ስለ ዘኬዎስ ነገሩኝ። ያ ቀራጭ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ነው የተነሳው። «አንተ ገና አንዱን አልመለስክም። መልስና ና» አሉኝ። ስግደት ቢያዙኝ መቶም ሁለት መቶም እሰግድ ነበር። እሳቸው የያዙት ግን ያንኑ ነው። ምንጣፉን ብነግራቸው «ምንጣፉ የሐጂ ነው» አሉኝ።

ተናደድኩና አጥቢያ ልቀይር ብዬ መሸኛ ልጠይቅ ሄድኩ። ጽሕፈት ቤቱን ባላነሳው ይሻለኝ ነበር። ጸሐፊው ከስልኩ ቀና ሳይል «የሁለት ዓመት የአባልነት ውዝፍ አለብህ፤ ሳትከፍል ምን አስመጣህ?» አለኝ፣ ሰው ፊት። ሦስት ቀን አመላለሰኝ። አንድ ቀን ማህተሙ የለም፣ አንድ ቀን ሊቀመንበሩ የለም። እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል። ለጓደኞቼ ሁሉ «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለውን በደል አያችሁ?» እያልኩ አወራሁ። ውዝፉን የከፈልኩት ግን ከሐጂ ብር ላይ ነው። ደረሰኝ ተሰጠኝ። በተረፈው ቴሌቪዥን ገዛሁ። ዛሬም ይሠራል፤ አለመበላሸቱ ያናድደኛል።

አዲሱ የንስሐ አባቴ ጥሩ ሰው ናቸው። አልነገርኳቸውም፣ እሳቸውም ከየት ያውቁታል?

3. አትዘግዪ። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሁላችንም ተበተንን። ስንመለስ መደብሩ ተዘርፎ ባዶውን ነው። የሐጂ ስልክ ያለበት መዝገብም የለም። የዛን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ሰውዬው ሞተው ቢሆንስ?

መምሬ ዘንድ ተመለስኩ። ሰላምታ እንኳ ሳይቀድም «መለስክ?» አሉኝ። ከአምስት ዓመት በኋላ!

አራተኛም ነበረኝ፤ ይቅር። 25,000 አጠራቀምኩ። የኑሮው ውድነት አለ፣ የድሮ አስር ሺህ ዛሬ አስር ሺህ አይደለም ብዬ ነው። ባለቤቴ «ባልሰረቅክ ኖሮ አልጋ እንለውጥ ነበር» ብላ አንድ ወር አኮረፈችኝ። ሰኞ በጠዋት ሐረጎን ወርጄ፣ በእናንተ ኮምቦልቻ አልፌ ባቲ ገበያ ገባሁ። (አንቺማ ለባቲ ከኔ ትቀርቢያለሽ።) ሲጠየቅ ሲጠየቅ ሐጂን አገኘኋቸው። ቡና ተፈላ። ነገርኳቸው። ብሩን ቆጠሩና አስሩን ሺህ ይዘው የቀረውን ወደ እኔ ገፉት። «የኔ አስር ነው» አሉ።

ይሄን እንደ ጀብዱ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን ትንሽ ቆይተው «እኔ ያን ጊዜ ልጄን ነበር ሌባ ያልኩት» አሉኝ።

ልጁ በዚያው ተጣልቷቸው በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ሄዷል። ሐጂ እዚያው ደወሉለትና ስልኩን ሰጡኝ። ማን እንደሆንኩ ነግሬው ያደረግኩትን ማስረዳት ጀመርኩ። አላስጨረሰኝም።

«አባቴ አጠገብህ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ስፒከር ላይ አድርገውና እንደገና ተናገር።»