የትናንቱ ይታረማል፣ የዛሬው እምቢ ይላል

ባለፈው ሳምንት ማራኪ ላይ ቡና ስንጠጣ አንድ ወጣት ባለሙያ፣ «ጋሼ፣ መረጃውን አርሜ አስቀምጣለሁ፤ ዳታቤዙም እሺ ይላል። መልሼ ሳነበው ግን የድሮው ነው» አለኝ። የማሽኖቹን ሰዓት እንዲያይ ነግሬው ተለያየን። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ጎንደር፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ የደንበኞችን መዝገብ በካሳንድራ፣ ማለትም አንዱን መረጃ በብዙ ማሽኖች ላይ እያባዛ በሚያስቀምጥ ዳታቤዝ፣ አደራጅቼ ነበር። አንዱ ማሽን ፒያሳ፣ አንዱ ማራኪ፣ አንዱ አዘዞ። አንድ ቀን የአዘዞዋ መዝገብ ያዥ ደወለች፤ «ያረምኩት ስልክ ቁጥር ተመልሶ የድሮው ሆነ።» ሳታስቀምጪው ቀርተሽ ነው አልኳት። በሦስተኛው ቀን ደግማ ደወለች፤ «ጋሼ፣ ትናንት የተከፈተው ይታረማል። ዛሬ ጠዋት ፒያሳ የተከፈተው ነው እምቢ የሚለው።» ሳቅኩባት። ኮምፒውተር ትናንትና ዛሬን ለይቶ አያኮርፍም አልኳት። አለቃችን ሲጠይቀኝም ጥፋቱ የእሷ ነው ብዬ ጻፍኩ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት።

ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የአዘዞው ማሽን ሰዓቱ ተዛብቶ ስለነበር የእጅ ሰዓቴን አይቼ 3:00 ብዬ ሞላሁት። ለእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ማሽኑ የሚያውቀው ግን 9:00 ነው። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። ካሳንድራ ሁለት ጽሑፎች ሲጋጩበት የጊዜ ማኅተሙ፣ ማለትም የተጻፈበት ሰዓት ምልክት፣ የቅርብ የሆነውን ይይዛል፤ ሌላውን ድምፁን ሳያሰማ ይተወዋል። የእኛ ፕሮግራም ማኅተሙን የሚያገኘው ጽሑፉን ከተቀበለው ማሽን ነበር። ስለዚህ ፒያሳ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የተከፈተ መዝገብ አዘዞ አራት ሰዓት ላይ ሲታረም፣ እርማቱ ከመዝገቡ ቀድሞ የተጻፈ ሆኖ ይታያል። ትናንት የተከፈተው ግን ከስድስት ሰዓት በላይ ስላለፈው እርማቱን ይቀበላል። ልጅቷ ምርመራውን ጨርሳ ነበር የደወለችልኝ!

የማሽኖችን ሰዓት በኤንቲፒ፣ በኔትወርክ ሰዓት በሚያስተካክለው ሥርዓት፣ ማናበብ እንደሚገባ ለእናንተ አልነግርም፤ ታውቁታላችሁ። የምታዘባችሁ ችግር ሲገጥማችሁ ማሽኑን አጥፍታችሁ ለማብራት ስለምትሮጡ ነው። (እኔም ሲጨንቀኝ እስከ ዛሬ አጠፋዋለሁ።) ከዚያ በፊት ግን ራይትታይም በሚባለው ትእዛዝ ዋጋው መቼ እንደተጻፈ ጠይቁት፤ እኔ ያንን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ስረዛም እንዲሁ ያታልላል። ካሳንድራ የሰረዛችሁትን ወዲያው አያጠፋም፤ ምልክት ያደርግበታል፤ የማቆያ ጊዜውን ካልቀየራችሁት ምልክቱን ቢያንስ 864,000 ሰከንድ፣ ማለትም 10 ቀን ያቆየዋል። ከዚያ በላይ ጠፍቶ የከረመ ማሽን፣ ስረዛውን ሳይሰማ ዝም ብሎ ከተመለሰ፣ የሰረዛችሁት መዝገብ ሊነሣ ይችላል።

የአዘዞውን ሰዓት ያስተካከልኩት በአንድ ደቂቃ ነው። ለአለቃዬም እውነቱን በቃል ነገርኩት። ደብዳቤው ከልጅቷ ማኅደር እንዲወጣ ግን በጽሑፍ አልጠየቅኩም፤ እሷም መሥሪያ ቤቱን ስትለቅ ማኅደሯ ውስጥ ነበር።