ማይክ ወይስ ሃርድ ዲስክ?

ሰሞኑን ዩቲዩብ የጀመረች አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ በያዝኳት ብር ማይክ ልግዛ ወይስ ሃርድ ዲስክ?» አለችኝ። ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ።

ከሬዲዮ ሥራ ጡረታ እንደወጣሁ አዛውንቶችን እየዞርኩ በቪዲዮ እቀርጽ ነበር። ደሴ ላይ ከ1965ቱ የወሎ ረሃብ የተረፉ አንዲት እናት አገኘሁ። ቡና እየቆሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አወጉኝ። ስለሞቱት እህታቸው ሲደርሱ እጃቸው ቆመ፣ ቡናው አረረ። ከጎረቤት ሬዲዮ ዘፈን ይሰማል። «ቀንሱልን» ለማለት ይሉኝታ ያዘኝ። ጉዴን ያፈላችው ያቺ ይሉኝታ ናት።

ቪዲዮውን ዩቲዩብ ላይ ጫንኩ። ላፕቶፔ ሞላ ሲለኝ «ኢንተርኔት ላይ አለ አይደል» ብዬ ዋናውን አጠፋሁት። ከወራት በኋላ በዚያ ዘፈን ሰበብ የኮፒራይት ማስጠንቀቂያ መጣ። ከዚያ በፊት የመጡ ሁለት ነበሩ፣ ንቄያቸው። በሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ቻናሉ ከነቪዲዮው ድርግም አለ። ይግባኝ ብጽፍ የሚመልስልኝ ማሽን ነው።

ሴትየዋ ሲያርፉ ልጃቸው ከጂዳ ደወለ። «ጋሼ፣ ምስሉ ይቅር፣ ድምጿን ብቻ ይላኩልኝ» አለኝ። ምን ልበለው?

እናንተ «ክላውድ ላይ አለ» ስትሉ ደሜ ይፈላል። ማይስፔስ በሚባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ እስከ 2015 የተጫኑ ዘፈኖች ሰርቨር ሲዛወር መጥፋታቸው በ2019 ተሰምቷል፤ በፈረንጆቹ ነው። የኛንም 2015 አስታውሱ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው በቪፒኤን ስንሹለከለክ ከረምን። እሱስ ተከፈተ።

ደግሞ እኛም ብንሆን ምን የምንኮራበት አለን? በሬዲዮ ዘመናችን የመቅጃ ክር ሲያጥር አሮጌው ቅጂ ላይ ደርበን እንቀዳ ነበር። ስንቱን ድምፅ በገዛ እጃችን እንዳጠፋነው ፈጣሪ ይወቀው።

ለልጅቷ «ሃርድ ዲስኩን ግዢ» አልኳት። «ማይክ የሌለው ቪዲዮ ማን ያያል?» ብላ ሳቀች። እሷም እውነቷን ነው። እኔስ አዲስ ቻናል ከፍቼ እዚያው ዩቲዩብ መንደር ተመልሼ የለ?

የደሴዋ እናት ልጅ እስከ ዛሬ ለበዓል ይደውልልኛል። ቪዲዮውን አንስቶብኝ አያውቅም።