ከተሲሱ በኋላስ? የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ጥያቄና መልስ

ማኅበራዊ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ የፒኤችዲ ተማሪዎችንም አማክራለሁ። ስለ ተሲሱ (ስለ መመረቂያ ጽሑፉ) ሳይሆን ከተሲሱ በኋላ ስላለው ሥራ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥቂቶቹ እነሆ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ዓመት የአንትሮፖሎጂ ተማሪ ነኝ። አማካሪዬ ምዕራፎቼን በደንብ ያርሙልኛል። ስለ ወደፊት ሥራዬ ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ብጠይቃቸው ድፍረት ይሆንብኝ ይሆን?

መልስ፦ ኧረ ጠይቂያቸው። ብዙዎቻችን ተማሪውን ካስመረቅን ሥራችን ያለቀ ይመስለናል። እኛንም ያሳደጉን እንደዚያ ነው። ግን «ምን ይሻለኛል?» ብለሽ አትግቢ። አንዲት ተማሪዬ እንደዚያ ስትለኝ «አይዞሽ፣ በርቺ» ብዬ ሸኘኋት። ሌላ ምን እላለሁ? በወሩ ሦስት የሥራ ማስታወቂያ አትማ ይዛ መጣች። የሚጠየቀውን አንድ በአንድ አሰመርንበት። ሁለቱ የመጠይቅ ጥናትና ስታታ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነው) ይፈልጋሉ። እሷ ቃለ መጠይቅ እንጂ ቁጥር ነክታ አታውቅም። ስታታ እኔም አልችልም (ይኸው ተናዘዝኩ)። ኢኮኖሚክስ ክፍል ላለ ባልደረባዬ ደወልኩላት። አንድ አማካሪ ሁሉን ነገር አይሆንልሽም፤ የሚችለው ሰው ጋ ግን ሊልክሽ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ «የምርምር ጽሑፍህን በሁለት ሳምንት እናሳትምልሃለን፣ 150 ዶላር ክፈል» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ለማዕረግ ዕድገት ይሆነኛል?

መልስ፦ ተወው። ሁለት ገምጋሚ አንብቦት፣ አንተ አርመኸው፣ እንደገና ታይቶ በሁለት ሳምንት አያልቅም። ገንዘብህም ስምህም ይሄዳል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጆርናል እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረ ነው፤ መጀመሪያ እሱን እይ። ዳካር፣ ሴኔጋል ያለው የአፍሪካ ማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት፣ ኮዴስሪያም፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመ ነው። ለወጣት አፍሪካውያን ተመራማሪዎች የሚያወጣውን የሥልጠና ጥሪ ተከታተል።

ጥያቄ፦ ለጆርናል ለምንልከው ጽሑፍ መረጃውን የሰበሰብኩትም የጻፍኩትም እኔ ነኝ። አማካሪዬ ግን ስማቸው እንዲቀድም ይፈልጋሉ።

መልስ፦ ከባድ ነው። «እሺ» ብለሽ ቤትሽ ገብተሽ እንደምትብሰለሰዪ አውቃለሁ። ልማዱ በየሙያው ይለያያል። ኢኮኖሚክስ ውስጥ ብዙ ጊዜ በፊደል ተራ ነው፤ አንትሮፖሎጂና ታሪክ ውስጥ ደግሞ ብቻን መጻፍ የተለመደ ነው። በፊደል ተራ ካልሆነ ግን ዋናውን የሠራ ይቀድማል። ጽሑፉ ሳይላክ በኢሜይል አንሺው፦ «ዶክተር፣ ከመላካችን በፊት ስለ ስም ቅደም ተከተሉ ብንነጋገር?» በጽሑፍ መሆኑ ይጠቅምሻል። እምቢ ካሉ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴ አለ። ለሚቀጥለው ጽሑፍ ግን ገና ስትጀምሩ ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ኤንጂኦ ብገባ ትምህርቴን አባከንኩት ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም። ዩኒቨርሲቲህ ደሞዝ እየከፈለ ካስተማረህ ግን የፈረምከውን የግዴታ አገልግሎት ውል አውጥተህ አንብብ። ዛሬ ማታ።

ጥያቄ፦ የድጋፍ ደብዳቤ መቼ ልጠይቅ?

መልስ፦ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት። ሲቪና የማስታወቂያውን ሊንክ አያይዝ። ማመልከቻው ነገ ሊዘጋ ዛሬ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም «ዶክተር፣ ተኝተዋል?» አይሠራም። ተኝቻለሁ።